ከግንባታው በፊት የጨረቃ መንቀጥቀጥ ይጠና

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በጨረቃ ደቡብ ዋልታ ሊገነባ ስለታሰበው የሰዎች ጣቢያ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጨረርን፣ ብርድንና ውኃን በስፋት ሲያነሳ የጨረቃን መንቀጥቀጥ ግን ዘሎታል። ይህ የሚዘለል ጉዳይ አይደለም።

የጨረቃ ውስጠኛ ክፍል እየቀዘቀዘ ሲሄድ አካሏ ይኮማተራል፤ ቅርፊቷም ተሰንጥቆ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ይወጣል፤ ይህም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ሰዎችን የጫነው የአሜሪካ መንኮራኩር አፖሎ 17 በ1972 እ.ኤ.አ. ያረፈበትን ሸለቆ የሚያቋርጠው የሊ ሊንከን ስንጥቅ የዚህ ምስክር ነው። የአፖሎ ጉዞዎች በጨረቃ ላይ የተከሏቸው የንዝረት መመዝገቢያ መሣሪያዎች እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ ጥልቀት የሌላቸው 28 መንቀጥቀጦችን መዝግበዋል፤ ብርቱዎቹ በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መጠናቸው 5 ገደማ ነበር። ከመጠናቸው ይልቅ የሚያሳስበኝ ቆይታቸው ነው። በምድር ላይ እርጥበት ያዘለው አለት ንዝረቱን ቶሎ ያበርደዋል፤ ደረቁና የተሰባበረው የጨረቃ ቅርፊት ግን ከ10 ደቂቃ በላይ ሊያቆየው ይችላል። ለጥቂት ቀናት ጉብኝት ስጋቱ አነስተኛ ነው፤ ለዓመታት ለሚቆም መኖሪያና ቁመቱ ለረዘመ መንኮራኩር ግን ከባድ ነው።

እነዚያ መሣሪያዎች ሁሉ ከደቡብ ዋልታው ርቀው የተተከሉ ነበሩ። ስለዚህ የግንባታው ቦታ ከመቆረጡ በፊት በዋልታው ዙሪያ የንዝረት መመዝገቢያዎች ተተክለው ለዓመታት ይከታተሉ፤ መኖሪያዎችም ከታወቁ ስንጥቆች ርቀው እንዲሠሩ አስገዳጅ ደንብ ይውጣ።

አንድ አንባቢ