የሥነ ሕንጻ ክበብ፦ ፊትና ጓሮ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ የሚሰበሰበው ክበባችን ዘንድሮ ያጠናው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ያለውን ሮያል ክረሰንትን ነው። አንዳንድ ወላጆች «አንድ ሕንጻ ለዓመት አይበዛም?» ብለው ነበር። ኧረ አልበዛም!

ሮያል ክረሰንት በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተያያዙ 30 ቤቶች ነው። ንድፉ የታናሹ ጆን ዉድ ሲሆን ሥራው እ.ኤ.አ. በ1767 ተጀመረ። ድንጋዩ የማር ቀለም ያለው የባዝ ድንጋይ ነው። ምድር ወለሉ ጌጥ የለውም። ከላዩ 114 አዮኒክ ዓምዶች (አናታቸው ጥቅልል ጌጥ ያለው) ስለተደረደሩ ዓይን ወዲያው ወደ እነሱ ይወጣል።

ልጆቹን የማረካቸው ግን የአሠራሩ ነገር ነው። ዉድ የወሰነው የፊቱን ገጽ ነበር። ገዢው ከዚያ ገጽ ድርሻውን ይይዝና ከጀርባው ያለውን ቤት በራሱ አርክቴክት እንደፈለገ ያሠራል። ለጉብኝት ሄደን በጓሮ በኩል ስንዞር ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። አንዱ ጣሪያ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው። አንዱ ቤት ወደ ኋላ ገፍቶ ወጥቷል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ሌላ ሰፈር መጣን እንዴ?» አለች።

ስለዚህ የካርቶን ሞዴላችንንም በዚሁ ደንብ ሠራን። ፊቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ጀርባው የየራስ። አንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዷ ለቡና የሚሆን ሰፊ ሳሎን አወጣች። ጭቅጭቁ የመጣው ሲገጣጠም ነው። አንድ ልጅ ድርሻውን ትንሽ ቢያሰፋ የጎረቤቱ ዓምድ ቦታ ያጣል። ሁሉም ፈርሶ በአንድ መለኪያ እንደገና ተቆረጠ። ያን ቀን ከማንኛውም ገለጻዬ የበለጠ ተማሩ።

የጦፈ ክርክርም ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክረሰንቱ ቁጥር 22 ቤት ባለቤት በራቸውን ቢጫ ቀቡ። ማዘጋጃ ቤቱ ነጭ ይሁን ቢልም ተከራክረው ረቱ። ከክበቡ የሚበዙት ለባለቤቷ ፈረዱ። እኔ አሁንም ለነጩ ነኝ።

ስንመለስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን አየን። ልጆቹ ከሌሎቹ በተለየ ብቻውን የቆመ ቤት መሆኑን ሳልነግራቸው አስተዋሉ። ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት የአባትየውን የታላቁን ጆን ዉድን ንድፍ እንይዛለን፦ ክብ ሠርተው የቆሙትን፣ «ሰርከስ» የሚባሉትን 33 ቤቶች። ወላጆች፣ ጠንካራ ካርቶን ስታገኙ አትጣሉብን።