ውሃ ሳትሞዪ ከወንዙ አትራቂ

ማሂዬ፣ የኔ ልጅ፣

ይህን ወረቀት ከበሶው ሥር ያስቀመጥኩት አውቄ ነው። ባቡር ላይ ሲርብሽ ታገኚዋለሽ። ትናንት ማታ ልነግርሽ ስጀምር "አባዬ፣ ሃያ ዓመቴ እኮ ነው" አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ሻማውን ስታጠፊ አይቼሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ግን የምለው ነገር በሆዴ ቀርቷል።

ወንድምሽ ነግሮኛል። ባለፈው ወር ከአልቢ ስትመለሺ መንገድ ዳር ተቀምጠሽ፣ ፊትሽ ነጥቶ፣ ኮዳሽ ባዶ ሆኖ እንዳገኘሽ። ለእናትሽ እንዳይናገር አስምለሽው ነበር። ለእሷ አልተናገረም፣ ለእኔ ነው የተናገረው። እሱን አትቆጪው። የምቆጣ እኔ ነኝ። ተቆጥቻለሁም።

አሁን የምትሄጂበትን መንገድ አውቀዋለሁ። እናትሽን ሳላገባ ሁለት ጊዜ፣ ካገባኋት በኋላ አንድ ጊዜ በሳይክል ሄጄበታለሁ። ከፊዣክ እስከ ካኦር በሴሌ ወንዝ በኩል ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ፊዣክ ስትወርጂ ቶሎ አትነሺ። የሻምፖሊዮን የትውልድ ከተማ ናት፤ የግብፅን የጥንት ጽሑፍ ያነበበው ሰውዬ። የሮዜታ ድንጋይ ትልቅ ቅጂ አንድ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተነጥፏል። ሄደሽ እዪው። ከዚያ ዳቦ ግዢ። ትንንሾቹ መንደሮች ውስጥ ሱቅ የለም፣ ቢኖርም ምሳ ሰዓት ይዘጋል።

ከፊዣክ ወጥተሽ ትንሽ እንደሄድሽ ዲ 41 የሚባለውን መንገድ ትይዣለሽ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ቱሉዝ ውስጥ የለም። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ገደሉ። ድንጋዩ ነጭና ቢጫ ነው፣ ጧት ፀሐይ ሲያገኘው የማር መልክ አለው። ኤስፓኛክ ላይ ከእንጨትና ከጡብ የተሠራውን የደወል ቤት ታያለሽ። ማርሲያክ ላይ ጣሪያው የፈረሰ ገዳም አለ፤ ግማሹ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ግማሹ ሰማይ ይታይበታል። እዚያ ተቀመጪ፣ ብዪ፣ እረፊ። ውሃም ሙዪ።

ካርታሽን አይቼዋለሁ። ከማርሲያክ ወደ ላይ፣ ኮስ ወደሚሉት የድንጋይ አምባ ልትወጪ አስበሻል። አትውጪ አልልሽም፣ ቦታው ውብ ነው። ጫፉ ሜዳ ነው። አጫጭር ዛፍ፣ ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ ካብ፣ ዓይናቸው ዙሪያውን ጥቁር የሆነ በጎች። ሰው ግን አታገኚም፣ ውሃም አታገኚም። ዝናብ ይዘንባል፣ ግን ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና ከታች ከሸለቆው ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ላይ ያለው ደረቅ ነው። የድሮ እረኞች ለበጎቻቸው ድንጋይ ፈልፍለው ትንንሽ ኩሬ ሠርተዋል፤ ከዚያ እንዳትጠጪ። ውሃ ሳትሞዪ ከወንዙ አትራቂ። ዘፈን ቢመስልሽም ደግሜ እለዋለሁ።

ይህን ድንጋይ ፈረንሳይ መጥቼ አይደለም ያወቅኩት። ድሬዳዋ ነው ያደግኩበት። ከከተማው በስተደቡብ ያለው ተራራ ያው የኖራ ድንጋይ ነው። ዳቻቱ የሚባለው ወንዝም ያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ከላይ ሲዘንብ ድንገት ጎርፍ።

አያትሽ ምድር ባቡር እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ፈረንሳይኛዬን የጀመርኩት ከእሱ አፍ ነው። ከጅቡቲ ያመጣት አንዲት ሳይክል ነበረችው፣ ዝገቷን በናፍጣ የሚያጥባት። ሥራ ሲሄድ ትቷት ይሄዳል። ኮዳም ነበረው፣ በጨርቅ የተለበጠ። ጨርቁን ካረጠብሽው ውሃው ቀዝቃዛ ይሆናል። ሁለቱንም መንካት ክልክል ነበር።

እኔ 13፣ አጎትሽ 9 ዓመቱ ነበር። ዋሻው ጋ እንሂድ አልኩት። ፈረንጆቹ በ1930ዎቹ የቆፈሩት፣ ፖርክ ኤፒክ የሚሉት ዋሻ ነው፤ ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀመጥኩትና ሄድን። ሳይክሏን ዳቻቱ አሸዋ ላይ ጥለን ተራራውን ወጣን። ኮዳው በእኔ ትከሻ ነበር። ሲጠይቀኝ "ስንወርድ እሰጥሃለሁ" አልኩት። እኔ ግን ወደፊት እየቀደምኩ፣ እሱ ከኋላ ሲያዘግም፣ በየታጠፍኩበት ትንሽ ትንሽ እጠጣለሁ። ክፋት አልነበረም ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ስንወርድ ኮዳው ባዶ ነበር።

አሸዋው ላይ ወደቀ። ላብ እንኳ አልነበረውም። ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ስሙን ብጠራው አይመልስም። ከሰል በአህያ የጫነች እናት ባትደርስ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ያላትን ውሃ ግማሹን ራሱ ላይ አፈሰሰች፣ ግማሹን በእጇ እያደረገች አጠጣችው። እኔን ቀና ብላም አላየችኝም።

ቤት ስንገባ ለአያትሽ "ኮዳው ያፈሳል" አልኩት። አጎትሽ ዝም አለ። በማግስቱ አያትሽ ኮዳውን ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ወሰደው። ሰውዬው ውሃ ሞልቶ አገላበጠው፣ ቀዳዳ ፈለገ፣ አጣ። አያትሽ ኮዳውን ይዞ መጣና ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ምንም አላለኝም። እስኪሞት ድረስ ምንም አላለኝም። አጎትሽም እስከ ዛሬ ምንም አላለኝም። ድሬ በሄድኩ ቁጥር ግን በሩን ሲከፍትልኝ በእጁ ውሃ ይዞ ነው፣ ሰላምታም ሳንለዋወጥ። ይቅርታ ልለው እያልኩ 40 ዓመት አለፈኝ።

ካብረሬ ስትወርጂ ፔሽ መርል ግቢ። ቲኬትሽን አስቀድሜ ቆርጫለሁ፣ በቀን የሚያስገቡት ሰው የተወሰነ ስለሆነ፤ ስልክሽ ላይ ነው። ያንን ዋሻ በ1922 ያገኙት ሁለት ታዳጊ ልጆች ናቸው። በጭለማ እየዳሁ ገብተው። ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ነጠብጣብ ያላቸውን ፈረሶች ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፣ ከ25,000 ዓመት በላይ ናቸው። አንቺ ግን መሬቱን እዪ። ጭቃው ላይ ከጥንት ዘመን የቀረ የልጅ እግር ዱካ አለ። እኔ እናትሽን ይዤ ስገባ፣ አስጎብኚው መብራቱን ወደ ዱካው ሲያዞር ወጥቼ ሄድኩ። አሞኝ ነው አልኳት። አላመመኝም።

እሺ። አሁን ስሚኝ። ውሃው ካለቀ በየመንደሩ መቃብር ቦታ ሂጂ። በሩ አጠገብ ቧንቧ አለ፣ የሳይክል ሰዎች ሁሉ ከዚያ ነው የሚሞሉት። "ኦ ኖን ፖታብል"፣ የማይጠጣ ውሃ የሚል ከተጻፈበት አትንኪው። ቧንቧ ካጣሽ የሰው በር አንኳኪ። አትፈሪ፣ አትፈሪም ደግሞ። ወደ ካብረሬ ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው፣ የኋላውን ፍሬን ብቻ ሙጭጭ አትበዪበት። መኪና ከከተማ ውጪ ሲያልፍሽ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው፣ መንገዱ ላይ ቦታሽን ያዢ። ሳን ሲር ላፖፒ ላይ ዳገቱ ይከብድሻል፣ ወርደሽ ግፊ፣ ነውር የለውም። ላይ ሆነሽ የሎትን ወንዝ ወደ ታች ስታዪ እኔን አስቢኝ።

ጓደኛሽ እንዳንቺ ፈጣን አይደለችም፣ አውቃለሁ። ከፊት አትቅደሚያት። ሳይክልሽ ላይ ሁለት ኮዳ አስሬያለሁ። የመጀመሪያው ያንቺ ነው። ሁለተኛውን ከመክፈትሽ በፊት ቆመሽ ወደ ኋላ ዙሪና እሷን ጠይቂያት። ጠግቤያለሁ ብትልሽም ስጫት። ውሃ ሳትሞዪ ከወንዙ አትራቂ፣ እናቴ። ብቻሽን ሆነሽም፣ ከእሷም ጋር ሆነሽ።

ካኦር ስትደርሺ ባለ ሦስት ግንቡ ድልድይ ላይ ቁሚና ደውዪልኝ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። እሑድ ለአጎትሽ ልደውልለት ነው፣ አብረሽኝ ብትሆኚ ደስ ይለኛል፤ ከምሳ በፊት ቱሉዝ ድረሺ።

የኋላ ጎማሽ አየር ያንሰው ነበር፣ ነፍቼዋለሁ። ትርፍ ካላማደሪያው ከመቀመጫው ሥር ነው።

አባትሽ