ዝናብ የወሰደው የአትክልተኛ ቀን የማን ዕዳ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ በአትክልተኝነት ሙያ ስሠራ ይህ 19ኛ ክረምቴ ነው። ሰዎች «አሁንስ ሥራ ቀዘቀዘልህ» የሚሉኝ በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ እኔ ግን ከዓመት ዓመት አብዝቼ የምደክመውም፣ አሳንሼ የማገኘውም በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። ስለ ገቢዬ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው አትክልተኛ ግን ቀኑ እንዳይቆረጥበት ሲል እያወቀ የሰው ግቢ እንደሚያበላሽ የግቢ ባለቤቶች ሊረዱልኝ ይገባል።

ነገሩ ከአፈሩ ይጀምራል። በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች፣ በቀይ አፈር ላይ የሚሠራ ሰው፣ ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ዶማ ሊያነሳ ይችላል። ከቦሌ ጀምሮ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን በብዙ ግቢ የሚገኘው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ርሶ ሳለ ከተረገጠና ከተቆፈረ ደግሞ ተጠቅጥቆ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ አይኖረውም። አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል፤ ይህን ያዩ ባለቤት ተክሉ የተጠማ መስሏቸው ሌላ ውኃ እንዲጠጣ ያዝዛሉ። አፈሩ ለመቆፈር መድረሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጦ ማየት ይበቃል። እንደ ሊጥ ከተላወሰ ዶማው ወደ ቦታው ይመለስ፣ ከተፈረፈረ ሥራ ይቀጥል። ገበሬው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል፤ በመረሬ ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢም ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋ ያለ መደብ የሚያወጣው ትርፉ ውኃ በመካከሉ ባለው ቦይ እንዲወርድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛዬ በሐምሌ ለሚደረግ የልጃቸው ምርቃት የጽጌረዳው መደብ ተኮትኩቶ እንዲያምር ፈለጉ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። «እትዬ፣ አፈሩ እስኪጠነፍፍ ይቆየን» ብላቸው፣ «በረንዳ ሥር ቆመህ ልትውል ነው የምከፍልህ?» አሉኝ። ከእሳቸው አንጻር ሳየው ጥያቄው ነውር የለውም፤ የቆመ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። እኔም የቤት ኪራዬን አስቤ ቆፈርኩ። ለምርቃቱ አምሮ ታየ፤ በኅዳር ግን መደቡ ዶማ የሚመልስ ሆነ፣ ከ12ቱ ጽጌረዳ 7ቱ ደረቁ። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የማውቀውን ነገር ለአንድ ቀን ሒሳብ የሸጥኩት እኔ ነኝ። በሌላ ግቢ የኤሌክትሪክ ማጨጃ በእርጥብ ሳር ላይ እንድነዳ ታዝዤ እምቢ ብያለሁ፤ የዚያን ቀን ክፍያ አጣሁ፣ አልቆጨኝም።

ዝናብ ሲጥል ሥራ የለም ማለት ግን አይደለም። ውኃ የት እንደሚተኛ የሚታየው በዝናብ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ቦይ የሚጠረገውና የሚቃናው ያኔ ነው። ከጽጌረዳ ሥር የረገፈው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቅጠል በየቀኑ ካልተለቀመ በሽታው ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ቡገንቪላ ተቆርጦ በላስቲክ የሚተከለው፣ መቀስና ማጭድ የሚሳለው፣ ኮምፖስት የሚገለበጠውና የሚሸፈነውም በዚሁ ወቅት ነው። የግድ መደብ ውስጥ መግባት ካስፈለገ ጣውላ ዘርግቶ በላዩ መቆም አፈሩን ከመረገጥ ያድነዋል። አፈሩ ቀይ ከሆነ የችግኝ ተከላ ጊዜም አሁን ነው፤ ላስቲኩ ግን ተቀዶ ይውጣ (በዘመቻ ጊዜ ከነላስቲኩ የተቀበረ ስንት ችግኝ ቆፍሬ አውጥቻለሁ)። በከተማችን በክረምት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ፈካ ብሎ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል የገባ አትክልተኛ እስከ 7 ሰዓት ብዙ ይሠራል። ከሌላው ሠራተኛ ጋር በ2 ሰዓት ተኩል እንዲገባ ካስገደዱት ግን የቀኑን ደህና ሰዓት በር ላይ ቆሞ ያባክነዋል።

የሕጉ ነገር ደግሞ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ሳይሆን ለአሠሪውና ለቤተሰቡ አገልግሎት የሚቀጠረውን ጥበቃ፣ አሽከርካሪና አትክልተኛ ከሌላው ሠራተኛ ለይቶ ያየዋል፤ የሥራ ሁኔታውም በሌላ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ማን እንደሚገዛ፣ ዝናብ የወሰደው ቀንም የማን ዕዳ እንደሆነ የሚወሰነው በግቢው በር ላይ በሚደረግ የቃል ስምምነት ነው፤ በዚያ ስምምነት ላይ ደግሞ አትክልተኛው ብዙ የመናገር አቅም የለውም።

አሁን ከምሠራባቸው አምስት ግቢዎች በሁለቱ ከሰኔ እስከ መስከረም በወር ተዋውያለሁ። ባለቤቶቹ ስንት ቀን እንደገባሁ አይቆጥሩም፤ ቦዩ መፍሰሱን፣ መደቡ አለመረገጡን ያያሉ። እኔም ዶማውን መቼ እንደማነሳ አፈሩን ጨብጬ እወስናለሁ። ሌሎች የግቢ ባለቤቶችም ለመጪው ክረምት ከአትክልተኞቻቸው ጋር ሰኔ ሳይገባ ተነጋግረው እንዲህ ዓይነት ውል ቢይዙ፣ የዝናብ ልብሱንም በውሉ ውስጥ ቢያካትቱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አትክልተኛ፣ ከአዲስ አበባ