ልጄ፣ ቀንሽን ከማታ ጀምሪው

የምወድሽ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። «አርፌም ደክሞኝ እነሳለሁ፤ ጸሎቱም አንድ ተጨማሪ ሥራ ሆነብኝ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እምነቴ አንሶ ነው ብለሽ ራስሽን እንዳትከሺ። እምነትሽ ሳይጎድል ቅደም ተከተሉ ብቻ ሊዛባ ይችላል፤ ዛሬ የምጽፍልሽም ስለዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ዕረፍትን እንደ ደመወዝ ለምደነዋል፤ ሥራው ሲያልቅ የሚከፈል። ሥራ ደግሞ አያልቅም፤ ደመወዙም ሳይከፈል ይከርማል። እስቲ ዘፍጥረት 1ን እንደ አዲስ አንብቢው። ቀኑ የሚቆጠረው «ማታም ሆነ ጠዋትም ሆነ» እየተባለ ነው፤ ማታው ይቀድማል። ሰው የተፈጠረው በ6ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ያየው የመጀመሪያ ቀን 7ኛው፣ እግዚአብሔር ያረፈበት ቀን ነበር። ሰው ኑሮውን የጀመረው እርሱ ያልሠራው ሥራ ተጠናቆ እያየ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ከኤልያስ ታሪክ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አላውቅም። 1ኛ ነገሥት 19ን ተመልከቺ። ነቢዩ በቀርሜሎስ ተራራ የጣዖቱን የበኣልን ነቢያት ድል ካደረገ በኋላ ንግሥት ኤልዛቤል ዛተችበት፤ እርሱም ሸሽቶ በምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ ሄደና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት አልገሠጸውም፤ እንቅልፍ ሰጠው። መልአኩ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ 2ኛ ጊዜ ቀሰቀሰውና በላ። ከዚያ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» የሚለው ስሌቱ የታረመው እዚያ ነው፤ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። ድካም ሒሳብ ያሳስታል፤ 7,000ውን አንድ ያስመስላል። እርማቱ ደግሞ የመጣው ከእንቅልፉ፣ ከምግቡና ከመንገዱ በኋላ ነው። እኛ ግን ደክሞንና ርቦን፣ በእኩለ ሌሊት የሕይወታችንን ሒሳብ ልንዘጋ እንቀመጣለን።

ከዚህ አንድ ደንብ ያዢልኝ። ከመሸ በኋላ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አገልግሎትሽ ምንም አትወስኚ፤ ላስቆጣሽ ሰውም መልስ አትላኪ። ያሰብሽውን በወረቀት ጻፊና አሳድሪው። ጠዋት ቁርስ ከበላሽ በኋላ አንብቢው። እውነት የሆነው ነገር ጠዋትም እውነት ነው፤ ድካም የጻፈው ግን ሲነበብ ይለያል።

አሁን ወደ ማታው ልግባ። የምትተኚበትን ሰዓት አስቀድመሽ ቁረጪ፤ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ ከምትነሺበት ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሪ። ከመኝታ 30 ደቂቃ በፊት ስልክሽን ከመኝታ ክፍሉ አውጪ። ለማንቂያ እፈልገዋለሁ ካልሽ ትንሽ የማንቂያ ሰዓት ግዢ፤ ስልኩ አጠገብሽ ካደረ ሌሊት በነቃሽ ቁጥር እጅሽ ወደ እርሱ ይሄዳል። ቀጥሎ ግማሽ ወረቀት ያዢ። ከላይ የነገ ሥራዎችሽን ጻፊ፣ ከ3 አትለፊ። ከታች ያስጨነቀሽን ነገር በስሙ ጻፊ። «ሁሉም ነገር» ብለሽ አትጻፊ፤ «የቤት ኪራዩ»፣ «የምርመራው ውጤት» በዪ። ስም የሌለው ጭንቀት ክፍሉን ይሞላል፤ ስም ሲያገኝ ግን አንድ መስመር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈሽ ከክፍሉ ውጭ አኑሪው፤ መዝሙር 4ን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢና መብራቱን አጥፊ።

በዚህ ውስጥ የሚበላሸውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚተወው። ጸሎቱ ቀስ በቀስ ጭንቀቱን እንደ ገና መተረክ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ «አሜን» ስላለበት ብቻ ጸሎት ይመስለናል። መለያው ቀላል ነው፤ ከ2 ዓረፍተ ነገር በላይ ስለ ችግሩ ካወራሽና አንድም ጊዜ ስለ እግዚአብሔር ማንነት ካልተናገርሽ፣ እየተጨነቅሽ ነው። ያን ጊዜ ራስሽን ሳትወቅሺ አቁሚና ወደ መዝሙሩ ቃል ተመለሺ። እየጸለይሽ እንቅልፍ ቢወስድሽ ደግሞ አትዘኚ። መዝሙር 127 እግዚአብሔር ለወዳጁ እንቅልፍን እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ጌታችን ራሱ ማዕበል በሚመታት ጀልባ ውስጥ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። መተኛት በራሱ የእምነት ሥራ ነው፤ ለ7 ሰዓት ያህል ዓለም ያለ አንቺ እንዲሄድ መፍቀድ ማለት ነው።

የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ላይ ትንሽ ልቆይ። በዘጸአት 16 ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰበሰበው መና 1 ጎሞር ነበር፣ 2 ሊትር ገደማ። በ6ኛው ቀን 2 ጎሞር ይሰበስቡና የሚጋገረውን ጋግረው፣ የሚቀቀለውን ቀቅለው ያሳድሩ ነበር። በሌላ ቀን ያሳደሩት ይተላና ይሸት ነበር፤ ለዕረፍቱ ቀን ያሳደሩት ግን አልሸተተም። የዕረፍት ቀን የሚበላሸው በዋዜማው መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ከዋዜማው ምሽት በፊት ምግቡ ይዘጋጅ፣ የሚለበሰው ይታጠብ፣ የሚመለሱ መልእክቶች ይመለሱ፤ ያልተጠናቀቀው ሥራ ደግሞ እስከ የት እንደ ደረሰ በአንድ መስመር ተጽፎ ይቀመጥ። ይህች አንድ መስመር ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን አእምሮ ያላለቀ ሥራን ይዞ የሚያድረው እንዳይረሳው ፈርቶ ነው።

ከምሽት እስከ ምሽት 24 ሰዓት ማረፍ ካልቻልሽ በ4 ሰዓት ዕረፍት ጀምሪ፣ በየወሩ 2 ሰዓት ጨምሪ። የመጀመሪያው ሰዓት ይከብዳል፤ መቁነጥነጥና አንድ ነገር የረሳሽ መምሰል ይመጣል። ይህ ዕረፍቱ እንዳልሠራ ምልክት አይደለም፤ ሲሮጥ የነበረ ሰው ቢቆምም ልቡ ወዲያው አይረጋም። ያን ሰዓት በእግር ጉዞ አሳልፊው። ከዚያ በኋላ የምትመርጪውን በአንድ ጥያቄ ለይው፦ ይህን ስጨርስ ለሰውና ለእግዚአብሔር ልቤ ይበልጥ ይከፈታል ወይስ ይደነዝዛል? 4 ሰዓት ቪዲዮ ማየት ብዙ ጊዜ ያደነዝዛል፤ መዘመር፣ ከወዳጅ ጋር ረጅም ማዕድ መቁረስ፣ ከሰዓት በኋላ መተኛት ይከፍታል።

አገልጋይ ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። በብሉይ ኪዳን ሥርዓት በሰንበት ቀን የካህናቱ ሥራ ይጨምር እንጂ አይቀንስም ነበር፤ በዘኍልቍ 28 መሠረት ከዘወትሩ መሥዋዕት ሌላ 2 ጠቦቶች ይቀርባሉ። ጌታም በማቴዎስ 12 ካህናቱ በዚህ በደል እንደሌለባቸው ተናግሯል። እንግዲህ የምትዘምሪበት፣ ልጆች የምታስተምሪበት፣ ወንበር የምትደረድሪበት ቀን የአምልኮ ቀንሽ ነው፤ የዕረፍት ቀንሽ ግን ላይሆን ይችላል። በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ጊዜ ቁረጪ። ይህን ያልለዩ ብዙ ትጉህ አገልጋዮች እግዚአብሔርን ሳይጠሉ ቤቱን ጠልተው ይቀራሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ደግሞም ዘዳግም 5ን ከዘጸአት 20 ጋር አስተያዪው። ዘጸአት የሰንበትን ትእዛዝ ምክንያት ከፍጥረት ያመጣል፤ ዘዳግም ግን በግብፅ ባሪያ እንደነበሩ ያስታውሳቸውና አገልጋዮችህ «እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» ይላል። አንቺ ስታርፊ በማን ድካም ላይ ነው የምታርፊው? ከእናንተ ጋር የሚኖር፣ ሕፃን የያዘች ወይም የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ካለ፣ ከዕረፍትሽ 2 ሰዓት ቆርሰሽ ሥራውን ተቀበዪው። ስጦታ መግዛት ይቀላል፤ ተራ መቀበል ግን ያሳርፋል።

ዕረፍትሽ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። በማርቆስ 6 ደቀ መዛሙርቱ እንኳ ለመብላት ጊዜ አጥተው ስለነበር ጌታ ጥቂት ዕረፉ ብሎ ወደ ምድረ በዳ ወሰዳቸው፤ ሕዝቡ ግን ቀድሞ ደረሰ። እርሱም አዘነላቸው፣ አስተማረ፣ መገበ። ከዚያ ሕዝቡን አሰናብቶ በዚያው ምሽት ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። የተቋረጠውን ለሚቀጥለው ዓመት አላዘዋወረውም። አንቺም ችግረኛ ሲመጣ ተቀበዪ፤ የተወሰደውን ሰዓት ግን በዚያው ሳምንት መልሺው።

ስለ ደስታ ጠይቀሽኛል። ደስታን እንደ ስሜት ስትጠብቂው ይርቃል፤ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 4 ኑሮዬ ይበቃኛል ማለትን «ተምሬአለሁ» ነው ያለው፣ ያውም ታስሮ። የሚማሩት ነገር ልምምድ ይፈልጋል። ማታ በዚያ ወረቀት ጀርባ 3 መስመር ምስጋና ጻፊ። «ስለ ሁሉ ነገር ተመስገን» በ4 ቀን ይደርቃል፤ ስለዚህ የዛሬ ብቻ የሆነውን ጻፊ፦ ማን፣ ምን፣ ስንት ሰዓት ላይ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከተጻፉት ሰዎች ለአንዱ ደውለሽ ንገሪው። በነህምያ 8 ሕዝቡ ሕጉን ሰምቶ ሲያለቅስ የተሰጠው ትእዛዝ ብሉ፣ ጠጡ፣ ምንም ላላዘጋጁት ደግሞ ዕድል ፈንታቸውን ላኩ የሚል ነበር፤ የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ጋር ነው። የተላከ ሳህን የደስታው አካል ነበረ።

በኀዘን ቀን ግን ምስጋናውን አታስገድጂው። መዝሙር 13ን ውሰጂ፤ አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙሮቹን በአንድ ዝቅ አድርጎ ስለሚቆጥር 12 ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። 4 ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል፣ ከዚያ ይለምናል፣ ከዚያ መታመኑን ይናገራል፣ በመጨረሻ ይዘምራል። በራስሽ ቃል በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፊ፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። ስህተቱ ዘልሎ ወደ መዝሙሩ መሄድ ነው፤ ያልተጠየቀው «እስከ መቼ» በሌላ ሰው ላይ ቁጣ ሆኖ ይወጣል። እስከ መዝሙሩ መድረስ ካቃተሽም መዝሙር 88 በጨለማ ነው የሚያልቀው፤ ያም ጸሎት ሆኖ ተቆጥሯል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተስፋ መቁረጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምንም አለመፈለጉ ሳይለቅሽ 2 ሳምንት ከቆየ ሐኪም ጋ ሂጂ። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ለእኔ ወይም በቅርብሽ ላለ ሰው ተናገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ። ኤልያስ መልአኩ ያቀረበለትን በላ እንጂ ቆይ መጀመሪያ ልጸልይ አላለም።

የነገሮችን ልክ ስለማየት ብዙ አልጽፍም፣ ከላይ ያለው ከተያዘ አብዛኛው ይከተላል። በመዝሙር 73 አሳፍ የክፉዎችን ምቾት እያየ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት ቀረው፤ ሁኔታቸው ሳይለወጥ እርሱ ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ሲገባ ፍጻሜያቸውን አስተዋለ። አንቺ ጠዋት መጀመሪያ የምትገቢበት ቦታ ስልክሽ ከሆነ በሰው ኑሮ ውስጥ ትነቂያለሽ፤ ከመክፈትሽ በፊት አንድ መዝሙር አንብቢ። በቀን 5 ብታነቢ 150ው በ30 ቀን ያልቃል፤ 119ኛው ግን 176 ቁጥር ስላለው ለብቻው ቀን ስጪው። መዝሙር 90 ደግሞ ዕድሜያችን 70 ቢበረታም 80 ዓመት ነው ይልና ቀኖቻችንን መቁጠር እንድንማር ይለምናል። 70 ዓመት 25,500 ቀን ገደማ ነው። ዛሬ ያስለቀሰሽ ነገር ከዚህ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚወስድ በቁጥር ጻፊው፤ ሥራ ላይ የተናገሩሽ ክፉ ቃል 3 ቀን ይሆናል፣ የእናትና የልጅ እርቅ ግን ብዙ ሺህ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትጀምሪው፣ ሌላ ሸክም ይሆንብሻል። ለ2 ሳምንት ማታውን ብቻ ያዢ፤ ስልኩን ማውጣት፣ ግማሹን ወረቀት፣ መዝሙር 4ን። አንድ ማታ ቢያመልጥሽ የቀረውን ለመካስ አትሞክሪ፣ በሚቀጥለው ማታ ቀጥዪ። በ3ኛው ሳምንት የ4 ሰዓቱን ዕረፍት ጨምሪና የት ላይ እንደከበደሽ ጻፊልኝ፤ በዚያ ላይ እንነጋገራለን።

እግዚአብሔር እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

የምትወድሽ እናትሽ