በቀለጠው ትራንስፓረንሲ የእኔ ደመወዝ ለምን ይቆረጣል?

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለተቋማችን የግዥና ንብረት አስተዳደር ዳይሬክተር
ጅማ

የተከበሩ ዳይሬክተር፣

በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸው ቀርተዋል። ከእርስዎ ቢሮ የወጣው ደብዳቤ ግን ሳይውል ሳያድር ደርሶኛል፤ ትራንስፓረንሲ (በፕሮጀክተር የሚታይ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ሉክ) ሳትምበት የሌዘር ፕሪንተሩ የተበላሸው «በተጠቃሚው የጥንቃቄ ጉድለት» ስለሆነ የጥገናው ወጪ ከደመወዜ ይቆረጥ ይላል።

ፕሪንተሩ ቀድሞም ጤነኛ አልነበረም። ድራሙ (የገጹ ምስል የሚቀረጽበት ተሽከርካሪ ሲሊንደር) በመጫሩ በየገጹ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ይጥል ነበር፤ ወረቀት ላይ እዚህ ግባ የማይባለው ነጥብ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲጎላ፣ አንድ ተማሪዬ የቡና ፍሬ በሽታ ምልክት መስሎት ደብተሩ ላይ ስሎታል። የመጋቢቱ ማመልከቻዬ ይህንኑ የሚመለከት ነበር።

በሚያዝያ ትራንስፓረንሲ ስጠይቅ ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ) ላይ «ለሌዘር ፕሪንተር የሚሆን» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) የተሰጠኝ ፓኬት ምንም ጽሑፍ አልነበረበትም፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ግን የጠየቅሁት እንደሆነ በቃሉ አረጋግጦልኛል። የሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን (የቀለም ዱቄቱን) የሚያጣብቀው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ የፊዩዘር (የማሞቂያ ክፍል) ሙቀት በመሆኑ፣ ይህን እንዲችል ያልተሠራ ፕላስቲክ ሲገባበት ይለሰልስና ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። ያስገባሁት አንድ ሉክ ብቻ ነው፤ እሱም እሳት እንደነካው ፌስታል ተኮማትሮ ውስጥ ቀረ፣ ክፍሉንም ሽታው ሞላው።

ከዚያው ፓኬት ሌላ ሉክ አውጥቼ ጣቴን በምራቅ አርሼ ሁለቱንም ገጽ ነካሁ። አንዱ ገጽ ጣቴን ያዝ አደረገው፣ ሌላው አንሸራተተው። የሚይዘው ገጽ ቀለም እንዲመጥ የተቀባ ነው፤ እንዲህ ያለው ቅብ የሚሠራው ደግሞ ለኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር) ነው። ጸሐፊያችን ጋ ባለው ኢንክጄት፣ የወረቀት ዓይነቱን «ትራንስፓረንሲ» ብለን በዚሁ ገጽ ስናትም፣ በቡና ፍሬው ሥዕል ላይ ያሉት የበሽታ ጠባሳዎች ሳይቀሩ ጥርት ብለው ወጡ። በለስላሳው ገጽ ያተምነው ግን ቀለሙ እንደ ጤዛ ተቋጥሮ፣ የጅማ ዝናብም ተጨምሮበት፣ በማግስቱ ሲነኩት ይለቅ ነበር። ሁለቱንም ከሚያዝያው ማመልከቻዬ ጋር አያይዣለሁ፤ ፋይሉን የከፈተ ሰው ካለ ያገኛቸዋል።

ዕቃ ገቢ ከመደረጉ በፊት ከተጠየቀው ዝርዝር መግለጫ ጋር መመሳከር እንዳለበት ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ማድረጊያ ቅጽ) ላይ የፈረምኩት እኔ አይደለሁም፤ ዕቃውን የመረጥኩትም እኔ አይደለሁም። ወይስ ከእኔ የሚጠበቀው ጥንቃቄ የግምጃ ቤቱን ዕቃ ሁሉ በምራቅ እየፈተሹ መረከብ ነው?

የሰኔ ደመወዝ ከመሠራቱ በፊት የቅጣት ትእዛዙ እንዲነሳና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከፓኬቱ የተረፉት ሉኮች እኔ ጋ አሉ፤ ሰው ልከው ማስወሰድ ይችላሉ፤ ነገር ግን የተላከው ሰው የመረከቢያ ሰነድ ይዞ ይምጣ፤ ያለ ፊርማ አላስረክብም።

አመልካቹ መምህር