ከመክፈልሽ በፊት ወረቀቱን ጠይቂ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ?

የላክሽልኝን መልእክት አየሁት። ሰውየው ካፒቴን ነው፣ የራሱ ጄት አለው፣ የአገር ልጅ ነው፣ በግማሽ ዋጋ ታይፕ ሬቲንግ፣ ማለት አንድን የአውሮፕላን ዓይነት የማብረር ፈቃድ፣ አሠራሻለሁ ብሎሻል። ደስ እንዳለሽ ይገባኛል። ግን እኔ ሥልጠና ማዕከል ውስጥ የተማሪ ፋይል ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ፣ ከዚያ አንቺው ትወስኛለሽ።

እዚህ አሜሪካ የመነሻ ክብደቱ ከ12,500 ፓውንድ በላይ የሆነ አውሮፕላን፣ ጄት ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ በካፒቴንነት ለማብረር የዚያው አውሮፕላን ታይፕ ሬቲንግ ላይሰንስሽ ላይ መጻፍ አለበት። በግል የሚያሠለጥንሽ ሰው ካፒቴን መሆኑ ብቻ አይበቃም። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት) የበረራ አስተማሪነት ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ በራሱ ላይሰንስ ላይም ያው ታይፕ ሬቲንግ መኖር አለበት። ስንት ሺህ ሰዓት በርሮ የአስተማሪነት ፈቃድ የሌለው ካፒቴን ሞልቷል። ጎበዝ አብራሪ ሊሆን ይችላል፣ የበረራ መዝገብሽ፣ ሎግቡክሽ ላይ ግን ፊርማው አይሠራልሽም።

ማዕከል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፓርት 142 በሚባለው ደንብ የሚሠራ ማዕከል ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ዓይነት ኮርሱን በኤፍኤኤ ማስጸደቅ አለበት፣ አስተማሪዎቹም በየ12 ወሩ ይፈተናሉ። ስለዚህ "ፈቃድ አላችሁ ወይ" ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም አለን ነው የሚልሽ። "ለዚህ አውሮፕላን የጸደቀ ኮርስ አላችሁ? ሲሙሌተሩስ ሌቭሉ ስንት ነው?" በይ። ሲሙሌተር መሬት ላይ ያለው የበረራ ማስመሰያ ነው፤ ከከፍተኞቹ ደረጃዎች፣ ከሌቭል ሲ ወይም ዲ፣ ከሆነ ፈተናውንም እዚያው ልትጨርሺ ትችያለሽ። ግን እንደ አንቺ ትልቅ አውሮፕላን ላይ ልምድ የሌለው ሰው ሁሉንም በሲሙሌተር ከጨረሰ ላይሰንሱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል፣ ገደቡ የሚነሳለት በሌላ ካፒቴን እየታየ 25 ሰዓት ከበረረ በኋላ ነው። ይሄን ማንም ሳይነግራቸው ከፍለው የመጡ ልጆች ወረቀቱን ሲያነቡ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

አንቺ ደግሞ ገና ግሪን ካርድ ነሽ። ግሪን ካርድ ያለውም ሰው ታይፕ ሬቲንግ ከመጀመሩ በፊት የቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ማግኘት አለበት። አሻራ ትሰጫለሽ፣ ማንነትሽ ይጣራል፣ ፈቃዱ ሳይመጣ ማንም አያሠለጥንሽም። አሠልጣኙ ግለሰብ ቢሆንም እዚያው መመዝገብ አለበት። እኛን ለማጉላላት የወጣ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2001 ሚኒሶታ ውስጥ ዘካሪያስ ሙሳዊ የሚባል ሰው ይህ ነው የሚባል የበረራ ልምድ ሳይኖረው የቦይንግ 747 ሲሙሌተር ላይ ልሠልጥን ብሎ መጣ፣ ተጠራጥረው ለኤፍቢአይ የደወሉት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ናቸው። ከሳምንታት በኋላ ሴፕቴምበር 11 ሆነ። ሕጉ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ሥልጠና ሳስብ ደግሞ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በረራ 302፣ ከልቤ አይወጣም፣ ያ ሁሉ 157 ሰው። ከዚያ በፊት ከቀድሞው 737 ወደ ማክስ የሚሻገር አብራሪ፣ ታይፕ ሬቲንጉ አንድ ነው ተብሎ፣ ኮምፒውተር ላይ አጭር ኮርስ ወስዶ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤፍኤኤ አውሮፕላኑን መልሶ ሲፈቅድ ግን አብራሪዎቹ ሲሙሌተር ላይ እንዲሠለጥኑ አስገደደ። በእኔ እምነት ከመጀመሪያውም እንዲያ መሆን ነበረበት።

ደግሞስ የምትፈልጊው አየር መንገድ ከሆነ አሁን ለምን ትከፍያለሽ? የበረራ ሰዓትሽን ሙዪ። 1,500 ስትደርሺ ብዙዎቹ ክልላዊ አየር መንገዶች ቀጥረው ታይፕ ሬቲንጉን በራሳቸው ወጪ ያሠሩሻል።

ሰውየውን አትቀየሚው፣ ክፉ አስቦም ላይሆን ይችላል። የአስተማሪነት ፈቃዱን፣ ላይሰንሱንና ቲኤስኤ ዘንድ የተመዘገበበትን ማስረጃ ይላክልሽ፣ ከላከ እኔ ራሴ አይልሻለሁ። እስኪልክ ግን አንድ ዶላር እንዳትሰጪ።

እናትሽ