«ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ የት ይሄዳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከከፈትኳት ስድስት ዓመት ሆነ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ዳቦ፣ ብስኩት እሸጣለሁ። መምህር አይደለሁም። ግን ያንን በር ከጠዋት እስከ ማታ አየዋለሁ። የምጽፍላችሁም ስላየሁት ነው።

በሩ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ልጅ ዘበኛው «ተመለስ፣ ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ይለዋል። ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ ፀጉሩን ያስረዘመ፣ ስልክ ይዞ የተገኘ፣ መምህሩን ክፉ የተናገረ፣ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ ወላጅ አምጣ። ዘበኛውን አልወቅሰውም። የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ዝናብ ሲጥል ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስገባበት ቀንም አለ።

የተመለሰው ልጅ ግን ቤቱ አይሄድም። ከሱቄ ሁለት ብሎክ ወረድ ሲባል ጆተኒ አለ። ከጎኑ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዩኒፎርም ሹራቡን ገልብጦ የለበሰ ልጅ ካያችሁ፣ ያ ልጅ ተባሮ ነው። ሹራቡን የሚገለብጠው የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይታይ ነው። ሴቶቹ ብሎክ ደረጃ ሥር ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ይገባሉ። ሴት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይርበደበዳል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ወደ ሱቄ መጣ። ሰው እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ከደብተሩ ሽፋን ውስጥ በአራት የታጠፈ መቶ ብር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ማዘር፣ ነገ አክስቴ ነኝ በይልኝ» አለኝ።

«እናትህስ?»

«ሥራ ናት።»

«አባትህስ?»

ዝም አለ። የሱሪው ጫፍ እስከ ጉልበቱ ርጥብ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። በነሱ በኩል ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ሌሊት ነው። እናቱ ሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ናት። ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። ስለዚህ ጀሪካን የሚሞላው፣ ሦስት ፎቅ የሚያወጣውም እሱ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት እንቅልፍ ጣለው። በሳምንት ሦስት ቀን አረፈደ። በሦስተኛው ቀን «ለምን አረፈድክ?» ሲባል አፉን አበላሸ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ አልደበቀኝም።

«እማዬ አንድ ቀን ከቀረች ካፖው በሌላ ሰው ይተካታል» አለኝ። መቶ ብሩን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው አሸዋ ጭኖ እንደሆነ ነገረኝ። ልብ በሉልኝ። ከትምህርት ተባሮ፣ ለመመለስ የሚከፍለውን ብር ለማግኘት ሁለት ቀን ሙሉ አሸዋ ጭኗል።

ብሩን መለስኩለት። በማግስቱ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ አብሬው ገባሁ። ለዩኒት ሊደሩ እውነቱን ነገርኳቸው። «አክስቱ አይደለሁም። በብር ሊከራየኝ ነበር» አልኳቸው። ሰውየው መነፅራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ለትንሽ ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ የፈረሙ ወላጆች ስም ያለበትን መዝገብ ገለጥ አድርገው «ከነዚህ ውስጥ እውነተኛው ስንቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም» አሉኝ። አጎት ሆኖ የፈረመው ወያላ፣ አክስት ሆና የፈረመችው ቆሎ ሻጭ ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው። ወላጅ መጣ ተብሎ ይፈረማል፣ ልጁ ይገባል፣ እውነተኛዋ እናት ግን ምንም አልሰማችም።

እናቱ ጋ በኔ ስልክ ደወልን። የምሳ ሰዓት ነበር። ከጀርባዋ ቤቶኔራው ይጮሃል። «ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነኝ፣ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ እመጣለሁ» አለች። መጣችም። ሲሚንቶ የደረቀበት ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከዩኒት ሊደሩ ጋር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተነጋገሩ። የውሃውን ተራ ከጎረቤት ጋር ሊፈራረቁ ተስማሙ። ልጁ መምህሩን ክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ያመለጠውን ትምህርት ለሁለት ሳምንት ከክፍል በኋላ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ጻፈ። ቅጣት አልቀረለትም። የተቀጣው ግን ግቢ ውስጥ ሆኖ ነው። አሁን 1 ሰዓት ከ40 ላይ በሱቄ ፊት ያልፋል።

ከደንበኞቼ «ልምጩ ስለቀረ ነው ልጅ የተበላሸው» የሚሉ ብዙ ናቸው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይሉኛል። እኔ ልምጩን አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ነው የተማርኩት። የሂሳብ መምህራችን አምስቱን ጣቶቻችንን አስገጥመው ወደ ላይ ያስቆሙና በማስመሪያ ጠርዝ ጥፍራችንን ይመቱን ነበር። በኅዳር ብርድ። እስከ ዕረፍት እርሳስ መያዝ አልችልም። የምመታው ማባዛት አልገባሽም ተብዬ ነው። ተመትቼም አልገባኝም። የተማርኩት ሂሳብ ባለበት ቀን «አሞኛል» ማለትን ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም አንቀጽ 28 ላይ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ክብር የጠበቀ ይሁን ይላል። ይህን ከስልኳ ያነበበችልኝ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ናት። እዚያው አንቀጽ ላይ መንግሥታት ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩና እንዳያቋርጡ ማበረታታት አለባቸው የሚልም አለ። ታዲያ የቀረን ልጅ በማስቀረት እንዴት እንቀጣለን? ልጄ ጨምራ የነገረችኝ ነገር አለ። እነሱ ጋ ተማሪ ሲከሰስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ይግባኝ ይላል። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ይህን ሁሉ ሲያገኝ የ14 ዓመቱ ልጅ በር ላይ «ተመለስ» ብቻ ይባላል።

መምህራኑን ግን አትንኩብኝ። አንዱ ማታ ሲወጣ ከኔ ዳቦ ይገዛል። «ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ። ሁለቱ ከረበሹ የሌላው ክፍለ ጊዜ አለቀ። ዱላው ይቅር ተባለ፣ እሺ፣ ቀረ። በምትኩ ምን እንደማደርግ ግን ማንም አላሳየኝም» አለኝ። ልክ ነው። ልጁን ወደ ውጭ የሚልከው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ መላ ስላልተሰጠው ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ያረፈደ ልጅ ይግባ፣ ግቢ ውስጥ ይቀጣ። ወላጅ የሚፈለግ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይደውል። ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። እዚህ ዳር ከተማ የምንኖር ሰዎች ብዙዎቻችን የቀን ሥራ፣ የጉሊት፣ የጥበቃ ሠራተኞች ነን። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መምጣት ማለት የዚያን ቀን ጉርስ ማጣት ነው። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት የሚባለውም ለመዋጮ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ይሰብስበን።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ትናንት ጠዋት በሩ ሲዘጋ ነው። ውጭ የቀሩትን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ሱቄ ደጃፍ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ባዮሎጂ ያጠናሉ። ዘጠኙ ሹራባቸውን ገልብጠው ወደ ጆተኒው ወረዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለሱቋ፣ ከየካ አባዶ